ከኪሎ ሜትሩ በፊት ከፍታውን እዩ፦ ቲሮል ውስጥ ስኪ የት ይኬዳል?

ሙኒክ፣ ቪየና ወይም ዙሪክ የምትኖሩ ከሆነ፣ ብርዱ ሲገባ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ጓደኞቻችሁ አንዱ "ስኪ እንሂድ" ማለቱ አይቀርም። እናንተም ስልካችሁን አውጥታችሁ "ቲሮል" ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። የሚመጣላችሁ ግን መዓት ነው። ይቺ የኦስትሪያ ክፍለ ሀገር ብቻዋን ወደ 80 የሚጠጉ የስኪ ቦታዎች አሏት። የሁሉም ፎቶ ፀሐይ፣ ነጭ በረዶና የሚስቅ ሰው ነው። ሁሉም ደግሞ "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የሸርተቴ መንገድ አለን" ብለው ይፎክራሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ኪሎ ሜትር እርሱት። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚውለው እዚያው አንድ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ታዲያ 300 ኪሎ ሜትር ለሚያስኬድ ትኬት በቀን ከ70 ዩሮ በላይ መክፈል ምን ይሉታል?

መጀመሪያ የሚታየው ከፍታ ነው። የአልፕስ ተራሮች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ሞቀዋል፤ ይህም ከዓለም አማካይ በእጥፍ የሚጠጋ ነው። ዝቅ ያሉት ቦታዎች ላይ በረዶ መሆን የነበረበት አሁን ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ችግሩ ድሮም ነበር። በፈረንጆቹ 1964 የቲሮል ዋና ከተማ ኢንስብሩክ የክረምት ኦሊምፒክን ስታዘጋጅ በረዶ ጠፍቶ፣ የኦስትሪያ ጦር 40 ሺህ ሜትር ኩብ በረዶ ከላይ ተሸክሞ ወደ ውድድሩ ቦታ አውርዷል። ዛሬ ሰው ሠራሽ በረዶ የሚረጩ ማሽኖች አሉ፤ ግን እነሱም ብርድ ይፈልጋሉ። (በነገራችን ላይ ኢንስብሩክ ከፍታዋ 574 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ በአራት እጥፍ ከእሷ ከፍ ትላለች፤ በረዶ ግን በከፍታ ብቻ አይወሰንም፣ ከምድር ወገብ ያለው ርቀትም ይወስነዋል።)

ስሙን ሁሉም የሚያውቀውን ኪትስቢውልን እንይ። ከተማው ያለው 762 ሜትር ላይ ነው፣ ስኪው ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል። በየጥር የሚካሄደው የስትራይፍ ቁልቁለት ውድድር የዓለም ዝነኛው ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራሉ። ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን በታኅሣሥ መጀመሪያ ወይም በመጋቢት መጨረሻ ለመሄድ አስቀድሞ ገንዘብ መክፈል ቁማር ነው። አጠገቡ ያለው ስኪቬልት የተባለው ሰፊ አካባቢም ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ለስላሳ መንገድ ስለሚበዛበት በጥርና በየካቲት ለጀማሪ አይከፋም።

በተቃራኒው ኦበርጉርግል መንደሩ ራሱ 1,930 ሜትር ላይ ነው። ሂንተርቱክስ ደግሞ እስከ 3,250 ሜትር በሚደርስ የበረዶ ግግር ላይ ስላለ ዓመቱን ሙሉ፣ በሐምሌም ጭምር ስኪ አለው። ከኢንስብሩክ በአውቶቡስ የሚደረስበት የሽቱባይ ግግርም ከ3,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ዜልደንን የጄምስ ቦንድ ፊልም የምታዩ ታውቁታላችሁ፤ "ስፔክተር" የተቀረጸው እዚያ ነው፣ ተራራው አናት ላይም የቦንድ ሙዚየም አለ። ከፍ ያለ ቦታ ጉዳቱ ብርዱና ንፋሱ ነው፤ ነፋስ ሲበረታ የላይኞቹ ሊፍቶች ይዘጋሉ።

ሳንክት አንቶን? የአልፓይን ስኪ መፍለቂያ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ክለቡ የተመሠረተው በ1901 ነው። ግን ቁልቁለቱ ለቻለ ሰው ነው። ኢሽግል ደግሞ ለጭፈራ እንጂ ለመማር አይመረጥም። እኛ ለጀማሪ ምረጡ ብንባል ሰርፋውስን እንላለን፦ 1,400 ሜትር በላይ ላይ ያለ መንደር ነው፣ የመማሪያ ሜዳው ሰፊ ነው፣ መንደሩ ውስጥ መኪና እንዳይበዛ ከ1985 ጀምሮ የራሱ የምድር ውስጥ ባቡር አለው። አዎ፣ መንደር ባቡር አለው።

ገንዘብ ለሚያጥራችሁ ሌላ መንገድ አለ። መንደር ውስጥ ሳይሆን ኢንስብሩክ ከተማ አድራችሁ በቀን በአውቶቡስ መመላለስ ይቻላል። በዓላትንና የየካቲት የትምህርት ቤት ዕረፍትን ከሸሻችሁ ማደሪያውም ይቀንሳል። ቁልቁለቱ የሚያስፈራችሁ ደግሞ ዜፌልድ ሂዱ። እዚያ ሰው ሜዳውን በቀጭን ስኪ እየተራመደ ይሄዳል፤ ለዚህ ሊፍት አያስፈልግም፣ ስለዚህ ወጪው በጣም ያንሳል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን ወክሎ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን የተወዳደረው በዚሁ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ኦስትሪያ ውስጥ ሰማያዊ መንገድ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ነው። ምልክት ከተደረገበት መንገድ ውጪ ያለው ነጭ ሜዳ ለቪዲዮ ያምራል፣ ግን የበረዶ ናዳ የሚገድለው በአብዛኛው እዚያ ነው። አደጋው በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይነገራል። ደረጃ 3 ስትሰሙ "መሃል ነው፣ ችግር የለም" እንዳትሉ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በ3 ቀን ነው፣ በ5 ማንም ደፍሮ ስለማይወጣ። የናዳው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የኢሽግልን ጎረቤት ጋልቲውርን ማስታወስ ይበቃል። በየካቲት 1999 ናዳው መንደሩ ድረስ ወርዶ 31 ሰው ገድሏል።

ሌላው ኢንሹራንስ ነው። እግራችሁ ተሰብሮ ሄሊኮፕተር ቢያነሳችሁ ሂሳቡ በሺዎች ዩሮ ሊሆን ይችላል፣ የአውሮፓ የጤና ካርድ ደግሞ የተራራ ማዳንን አይሸፍንም። ከመሄዳችሁ በፊት የተራራ አደጋን የሚሸፍን መሆኑን ጠይቁ። የተራራ አደጋ ስልኩ 140 ነው፣ 112ም ይሠራል።

ከጀርመን የምትነሱ ሰነዳችሁን እንዳትረሱ። ሼንገን ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጀርመን ከኦስትሪያ በሚያስገባው ድንበር ላይ ፍተሻ ታደርጋለች። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ፣ ዋናው ቅጂ በእጃችሁ ይሁን። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀና የያዛችሁት ጊዜያዊ የመቆያ ወረቀት ብቻ ከሆነ ግን ያ ወረቀት ድንበር አያሻግርም፤ ጓደኞቻችሁ ቢገፋፏችሁም ለጊዜው በዚያው በጀርመን በኩል ያለውን፣ ጋርሚሽን የመሰለ ቦታ ምረጡ።