የዶቅማ ቀለምና የፀሐይ ብርሃን

ከመርጡለ ማርያም ደጋ ወደ ወይና ደጋው ሲወረድ የሚለቀመው ዶቅማ የበላተኛውን ምላስ ሐምራዊ ያደርጋል። ይህ ቀለም ግን ሌላም ተግባር አለው። ፕሮፌሰር ተከተል ዮሐንስና የምርምር ባልደረቦቻቸው ከዶቅማ በወጣ ቀለም የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሕዋስ ሠርተው፣ ውጤቱን በ2012 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

የዚህ ዓይነቱን ሕዋስ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቁት ብራያን ኦሬጋንና ሚካኤል ግሬትዘል ናቸው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ መስታወት ላይ፣ ለግድግዳ ቀለም መሥሪያ የሚውለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት በስሱ ተቀብቶ ይተኮሳል፤ ከዚያም በቀለም ውስጥ ይነከራል። ቀለሙ ብርሃን ባረፈበት ጊዜ ኤሌክትሮን ለዱቄቱ ያበድራል። ኤሌክትሮኑም በሽቦ ዞሮ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ፣ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ተቀብሎ ለቀለሙ ይመልስለታል። ብድሩ በቶሎ ካልተመለሰ ቀለሙ ይበላሻል።

አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሩቴኒየም ከተባለው ብርቅ ብረት የሚሠራው ቀለም ጠንካራ ቢሆንም ዋጋው ውድ ነው። የዶቅማን የመሰለው የዕፅዋት ቀለም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ከመሆኑም በላይ፣ ሥራ የሚሰጠው ፀሐይ ራሱ ያደበዝዘዋል። ስለሆነም ኬሚስቶች የቅጠልን አረንጓዴ ቀለም አርአያ አድርገው ፖርፊሪን የተባሉ ቀለሞችን ሠሩ፤ አዮዲኑንም በኮባልት ተኩ። በዚህም በ2014 እ.ኤ.አ. ከሚያርፈው ብርሃን 13 በመቶው ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ። ፈሳሹ እየተነነ ወይም እየፈሰሰ ሕዋሱን ስለሚያደርቀው፣ በእርሱ ምትክ እንደ ሙጫ የረጋ ፖሊመር የሚያስገቡም አሉ፤ ይሁንና ኤሌክትሪክ አመላላሹ በረጋ መጠን ፍጥነቱ ይቀንሳል።