በገዛ መሬት በበቀለ ዛፍ ጎተራ ስለ መሥራት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከጣርማ በር አፋፍ ሲደርስ፥ ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ያገኛል። በዚህ መንገድ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ መዘዞ ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤቱንና እርሻውን ይሸፍነዋል፤ ነፋሱም ክዳን የሚገልጥ ነው። በየደጃፉና በየአጥሩ የሚታየው ዛፍ ባሕር ዛፍ ሲሆን፥ በመንገዱ ዳር አጣናው ተከምሮ የጭነት መኪና ሲጠብቅ ይታያል። በዚያው መንገድ ደግሞ ሌላ መኪና ጣውላና ሞራሌ ጭኖ ይመጣል። (ሞራሌ የሚለው ቃል ከጣልያን አናጢዎች የተረፈን ነው፤ እንጨቱ ግን የእኛው ነው።) ዛፉን በአጣናነቱ በርካሽ የሸጠው ገበሬ፥ በረቱ ባዘነበለበት ጊዜ ያንኑ እንጨት ተሠንጥቆ ሲመጣ በብዙ ዋጋ ይገዛዋል።

አንዳንድ አንባቢ «በመንግሥት ጋዜጣ ስለ ጎተራና ስለ በረት ማተት ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። የዚህን ደጋ ኑሮ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይልም። በዚህ አገር የበልጉ ገብስ በጥርና በየካቲት ተዘርቶ የሚሰበሰበው በሰኔና በሐምሌ ነው። እንግዲህ የመኸር ገበሬ በኅዳር ፀሐይ ሲያጭድ፥ የበልግ ገበሬ የሚያጭደው ክረምቱ ከደጅ ቆሞ ሳለ ነው። ነዶው በእርጥበት ጥቂት ቀን ቢቆይ ከዛላው ላይ ይበቅላል፤ ድርቆሹም ይሻግታል። ስለዚህ የዚያ ሁሉ ወራት ድካም የሚድነው ወይም የሚጠፋው ከጣሪያ በታች በሚገኘው ደረቅ ቦታ ስፋት ነው። ቤቱ ለሰው ብቻ የሚበቃ ሲሆን፥ ገበሬው ነዶውን ከግድግዳ አስጠግቶ በሸራ ይሸፍነዋል፤ በጎቹም የሸራውን ጫፍ እየገለጡ ይበሉታል።

ጎተራ ስል በጭቃ የተለሰነውን ትንሹን የእህል ማኖሪያ ማለቴ አይደለም። በአንድ ወገን ነዶና ድርቆሽ የሚከመርበት፥ በሌላው ወገን በጎችና ከብቶች የሚያድሩበት፥ በቋሚ እንጨቶች ላይ የተከደነ ሰፊ ቤት ማለቴ ነው። የዚህ ቤት ሸክም በቋሚዎቹ ላይ እንጂ በግድግዳው ላይ ስላልሆነ፥ እንጨት ያለው ሰው ያለ ብዙ ድንጋይና ያለ ብዙ ሲሚንቶ ሊሠራው ይችላል።

ይህን የምጽፈው አንብቤ ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በመዘዞ አቅራቢያ የአባታችንን መሬት ያርሳል። ከስምንት ዓመት በፊት፥ የበልግ ገብሱ በዝናም መበላሸቱ አሳዝኖኝ ገንዘብ ላክሁለትና «ጋሼ፥ ዛፉ ከደጅህ ቆሞ ሳለ ስለ ምን ትቸገራለህ? አስቆርጠህ አሠራ» አልሁት። እርሱም «እርጥብ ነው፤ ይክረም» አለኝ። እኔ ግን በከተማ ልማድ ቸኩዬ «በምስማር የተያዘ እንጨት ወዴት ይሄዳል?» ብዬ አስገደድሁት። ዛፉ በሐምሌ ተቆረጠ፤ በነሐሴ ተሠነጠቀ፤ ጳጉሜን ሳትወጣ ሥራው አለቀ። የቋሚዎቹም እግር እንደ ልማዱ በጉድጓድ ተተክሎ አፈር ተጠቀጠቀበት።

በጥር ወር ለጥምቀት ስሄድ ያየሁት የሚያሳፍር ነበር። ጣውላዎቹ ተጣምመው በመካከላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ሆኗል፤ የቆርቆሮው ምስማር ላልቶ ነፋሱ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል፤ በሩም ጨርሶ አይገጥምም። በሦስተኛው ክረምት በነፋሱ ወገን የነበሩት ሁለት ቋሚዎች ልክ ከአፈሩ ፊት ላይ ተሰበሩና ጣሪያው በአዲሱ ነዶ ላይ ተኛ። ወሬውን ሰምቼ ስደርስ ወንድሜ ከመውቀስ ይልቅ ሣቀ። «አንተ ከማተሚያ ቤት ጋር መቸኰል ለምደሃል፤ እንጨት ግን ማተሚያ ቤት አያውቅም» አለኝ። እትዬ፥ ሚስቱ፥ ግን አልሣቀችም። የረጠበውን ገብስ በምድጃ ዳር እያገላበጠች ስታደርቅ፥ በቆየሁበት ሦስት ቀን ሁሉ ከሰላምታ በቀር አላነጋገረችኝም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከአናጢዎችም ከመጻሕፍትም ስመረምር ቆየሁ። ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ስላለቀ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሕንፃውም ተጀምሮ ነበር። ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ሲስፋፋ ግን ከተማዋ በቦታዋ ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በመዘዞ ደጋ የሚበቅለው ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ዐይነት ነው፤ ቀዩ ከዚህ ዝቅ ያለውንና ሞቅ ያለውን አገር ይወዳል።

ነጭ ባሕር ዛፍ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ ኃይለኛ ውጥረት ይይዛል። የውጭው እንጨት እንደ ተሳበ ጅማት ሆኖ ሲኖር መካከሉ ተጨምቆ ይኖራል። ዛፉ ሲወድቅ ውጥረቱ ስለሚፈታ ግንዱ ከጫፉ ይተረተራል፤ ሲሠነጠቅም ጣውላው ከመጋዙ ሳይለይ ይጎብጣል። ሲደርቅ ደግሞ ብዙ ይኮማተራል፤ የክሩም አካሄድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ይጣመማል። ይህ ጠባይ በወጣቱ ዛፍ ይብሳል። በአራትና በአምስት ዓመቱ የሚቆረጠው ለአጣና እንጂ ለጣውላ የማይሆነው ስለዚህ ነው። ለመጋዝ የሚፈለገው ውፍረቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሆነ፥ ዐሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የቆየ ግንድ ነው።

«ይህን ያህል ዘመን ማን ይጠብቃል?» ይባል ይሆናል። ነገር ግን ጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ከአንድ ጉቶ ከሚወጣው ብዙ ቡቃያ ገበሬው ሌላውን ለአጣና እየቆረጠ እየሸጠ፥ ቀጥ ያለውን አንዱን ለጣውላ ቢተው ከገቢው ብዙ አይጐድልበትም። መጠበቅም ለመንዝና ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት ሦስትና አምስት ዓመት እየተዘጋ፥ ሲደርስ በፈቃድ ይታጨድ ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ ጋር ቢፈርስም፥ የጓሳን ምድር ነዋሪው ዛሬም በማኅበር ይጠብቀዋል። ለሣር አምስት ዓመት የጠበቀ አገር ለግንድ ዐሥራ አምስት ዓመት መጠበቅ አይሳነውም።

ለቋሚ የሚሆን ከጽድ የሚበልጥ እንጨት አይገኝም፤ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አይደፍረውም። ይሁን እንጂ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ባለው በወፍ ዋሻ ደን የቆመው ጽድ የማናችንም የጎተራ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን፥ ዝግባን፥ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በሌላ ቢተካም የከለከለበት ምክንያት አልተለወጠም። በገዛ አጥሩ ጥግ ዛሬ ጽድ የሚተክል ሰው የልጅ ልጁን ቋሚ ይተክላል። እኛ ግን ባለን በባሕር ዛፉ መሥራት አለብን።

ወንድሜ ለሁለተኛው ጎተራ የቆረጠው አባታችን የተከላቸውን ወፍራሞቹን ዛፎች ነው። ዝናሙ ካቆመ በኋላ በጥቅምት ተቆረጡ። አንድ ሜትር ኪዩብ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከዐሥር ኩንታል በላይ ይመዝናልና፥ ግንዱን ወደ መጋዝ ከመጐተት መጋዙን ወደ ግንዱ መውሰድ ይሻላል። በቀድሞው ልማድ ግንዱ በቆጥ ላይ ይጋደማል፤ በከሰል የተነከረ ክር ተወጥሮ መስመር ይመታበታል፤ አንዱ ሰው ከላይ፥ አንዱ ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ ይስባሉ። ዛሬ በሞተር የሚሠራው የሰንሰለት መጋዝ በመምሪያ ላይ ተገጥሞ ይህንኑ በጥቂት ሰዓት ይፈጽማል፤ ነገር ግን አፉ ወፍራም ስለሆነ ብዙ እንጨት ዱቄት አድርጎ ይጥላል። በሁለቱም ዘንድ ሕጉ አንድ ነው። ዛፉ ከወደቀ ሳይውል ሳያድር መሠንጠቅ፤ ከአንድ ወገን ብቻ አለመላጥ፥ ይልቁንም አንድ ጊዜ ከዚህ አንድ ጊዜ ከዚያ እያገላበጡ ውጥረቱን ማስተካከል፤ የግንዱንም እምብርት ለይቶ ለማገዶ መተው ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ወዲያው ቀለም ወይም ሰም መቀባት እንዳይተረተር ያግዘዋል።

ለዚህ ሥራ ጐረቤቱ በወንፈል መጣ። ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ እንጨት ሠላሳ ሺህ ሰው መድቦ፥ ዐሥር ዐሥሩን ሺህ አንድ ወር በሊባኖስ፥ ሁለት ወር በቤታቸው እንዲሆኑ ማፈራረቁን ካህናት አንባቢዎቻችን ያውቁታል። የመዘዞውም ወንፈል ቍጥሩ ቢያንስ ፍርዱ ያው ነው፤ ማንም የራሱን እርሻ ፈትቶ የሌላውን ግንድ ሲስብ አይከርምም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰው የሚሰለችበት ክፍል ነው፤ ይኸውም ማድረቅ ነው። ጣውላው ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይደረደራል፤ በየረድፉም መካከል ውፍረታቸው እኩል የሆነ ቀጫጭን እንጨቶች ልክ አንዱ በአንዱ ትይዩ ይገባሉ፤ ነፋስ እንዲያልፍበት ነው። ከላይ ከባድ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ፀሐይና ዝናም እንዳያገኘውም ይከደናል። በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ፈጥኖ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሠነጠቃል፤ በጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀ ይጸናል። የአናጢዎች ልማድ ለሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይሰጣል። የእኛው ሁለት በጋ ቆየ። እኔ በየበዓሉ እየሄድሁ «ገና ነው?» እል ነበር፤ ወንድሜም «ገና ነው» ይል ነበር።

አሁን የመጀመሪያው ጎተራ የወደቀበትን ነገር ልንገር። እንጨት በውሃ ውስጥ ሁልጊዜ ቢኖር ወይም ሁልጊዜ ደረቅ ቢሆን ብዙ ዘመን ይኖራል። የሚጠፋው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ስፍራ፥ ይኸውም ከአፈሩ ፊት ላይ ነው። በላስታ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው ምእት ዓመት በእንጨትና በድንጋይ ንብብር ተሠርቶ እስከ ዛሬ ያለው በዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናም ስላላገኘው ነው። በሩቅ ሰሜን፥ በኖርዌይ አገር፥ የቀደሙት ሰዎች የእንጨት አብያተ ክርስቲያናታቸውን ቋሚ በመሬት ቀብረው ይተክሉ ነበር፤ እነዚያ ሁሉ በስብሰው ጠፉ። በኋላ ግን ቋሚውን በድንጋይ ላይ ባረፈ አግዳሚ ላይ ማቆም ጀመሩ። በዚህ ሁኔታ በ12ኛው ምእት ዓመት የተሠራው የኡርነስ ቤተ ክርስቲያን፥ አገሩ በረዶና ዝናም የበዛበት ሲሆን፥ ዛሬም ቆሟል። በመዘዞ ደግሞ ከባሕር ዛፍ ይልቅ የሚበዛው ጥቁር ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ጎተራ ዐሥር ክንድ በዐሥራ ስድስት ክንድ ሆኖ ተሠራ። በየአራቱ ክንድ በእያንዳንዱ ጎን አምስት፥ በመካከልም ለጣሪያው አናት ሦስት፥ ባጠቃላይ ዐሥራ ሦስት ቋሚዎች ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቆሙ። ከመሬት ያልተተከለ ቋሚ ግን በነፋስ ይገፋልና፥ በየማዕዘኑ ሰያፍ ድጋፍ ተመታበት፤ እግሩም በድንጋዩ ውስጥ በታሰረ ብረት ተያዘ። ይህን ድጋፍ የሚንቅ ሰው ከጣርማ በር ነፋስ ጋር ይተዋወቃል። የክዳኑ ጠርዝ ግድግዳውን ከዝናም እንዲያድን ሁለት ክንድ ያህል ወጣ ተደርጓል። ነዶው የሚያርፍበት ርብራብ ከወለሉ ከፍ ብሏል። የመብራትና የስልክ ምሰሶ የሚነከርበትን መድኃኒት ፈልጎ እንጨቱን መቀባት የሚያስብ ቢኖር ግን ይጠንቀቅ፤ አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ከብት ከሚልሰውና እህል ከሚነካው እንጨት ጋር አይስማማም።

በባሕር ዛፍ ላይ የሚነገረውን ክስ አልዘነጋሁም። ውሃ ይጠጣል፤ በሥሩም እህል አያበቅልም። ከምንጭ አጠገብና ከእርሻ ዳር መትከል አይገባም። እኔ የምናገረው ግን ቀድሞ ተተክሎ ስለ ቆመው ነው። እርሱን በአጣናነቱ ጨርሶ ሸጦ ሌላ ከመትከል፥ ጥቂቱን አቆይቶ ለረጅም ዘመን በሚኖር ቤት ላይ ማዋል መሬቱንም ያሳርፈዋል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065 የግለሰብን ደን ለይቶ ያውቃል፤ ገበሬው በይዞታው ያለማውን ዛፍ በመጠቀም መብቱ ነው። የቀረው መጋዙ ነው። አንድ ገበሬ ለዐሥራ ሦስት ቋሚ ብሎ የሞተር መጋዝ ሊገዛ አይችልም፤ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ግን ይችላል። የወረዳ ሹማምንት፥ አንድ መጋዝና ሥራውን የተማሩ ሁለት ወጣቶች ከጥቅምት እስከ ጥር ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ቢዞሩ ስንት ጎተራ እንደሚቆም ቢያሰሉት፥ ወጪው የሚያስደነግጥ አይሆንም። የቤተ ክርስቲያን አለቆችም፥ በቅጥር ውጭ ያለውን ባሕር ዛፍ ለነጋዴ ከመሸጣቸው በፊት የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ቀና ብለው ቢያዩ መልካም ነው።

ጎተራው ሦስት ክረምት አልፎታል። ባለፈው ጊዜ ስሄድ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር የአንድ ጐረቤት ጣውላ ተደርድሮ ድንጋይ ተጭኖበት አየሁ፤ የወንድሜም መጋዝ በቋሚው ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ነዶውን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ከመግባታችን በፊት ግን «ተመልከት፥ ይህ በር ይገጥማል» አለችኝና ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው።