ጊታሩ ተላጠ፤ ልጁ ግን እውነቱን ተናገረ

በየቤታችን ከዋጋው ይልቅ ትዝታው የሚከብድ አንድ ዕቃ አይጠፋም። በአንዱ ቤት የእናት መሶብ፣ በሌላው የአያት ጋቢ፣ በሌላው ደግሞ አሮጌ ሬዲዮ ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት ይህን ቦታ የያዘው አንድ ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። አማቴ በ1970ዎቹ ዓመታት በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ይጫወቱበት ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ባለቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ከተደገፈበት ያነሣዋል፤ ይቃኘዋል፤ ጥቂት ተጫውቶበትም ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን፣ የሰባት ዓመቱ ልጃችን ሳሎን ውስጥ ኳስ ሲጫወት ጊታሩን መትቶ ጣለው። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ፣ ጊታሩ ከቡፌው ማዕዘን ጋር ተጋጭቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጠርዙ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀለም ተፈንቅሎ እንጨቱ ይታያል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንድ ስንዝር የሚሆን ጭረትና የቡፌው ጥቁር ቀለም ምልክት አለ። ልጁ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሟል።

በዚያች ደቂቃ ያደረግሁትን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። “ዝም በል፤ ለአባትህ እንዳትነግር፤ እኔ አስተካክለዋለሁ” አልኩት።

ያስተካከልኩት እንዲህ ነበር። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ነክሬ ጥቁሩን ምልክት ማሸት ጀመርኩ። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ነገር ግን የጊታሩም ልባጥ አብሮ እየሟሟ ከጥጡ ጋር ተጣበቀ። ሲያብረቀርቅ የነበረው ቦታ ደብዝዞ ሻከረ። ቅንድብ ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይህ ነው። የተጎዳውን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሬ አቆምኩት።

ማታ ራት ላይ ልጁ እህል አልቀምስ አለ። አባቱ “ምን ሆነሃል?” ቢለው አንገቱን ደፋ። በመጨረሻም “አባዬ፣ የአባባን ጊታር የጣልኩት እኔ ነኝ። እማዬ እንዳትናገር ስላለችኝ ነው ዝም ያልኩት” አለና ማልቀስ ጀመረ።

ባለቤቴ ተነሥቶ ጊታሩን ወደ መብራት አቀረበው። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያም ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኘና አንድ አጭር ዜማ ተጫወተ። ልጁን ጠርቶ የጊታሩን ጀርባ አሳየው፤ መሐሉ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ያለቀ ሰፊ ቦታ አለ። “ይህን የፋቀው የአባባ የቀበቶ ዘለበት ነው። ስለ ነገርከኝ ጎበዝ ነህ፤ ቤት ውስጥ ግን ከእንግዲህ ኳስ የለም” አለው።

ልጁ ከተኛ በኋላ ለእኔ የተናገረው ከዚህ የከበደ ነበር። “ቀለሙ ይቀባል። ልጁ ከእኔ መደበቅን ከለመደ ግን በምን እንመልሰዋለን?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ባለሙያው ምን አሉ?

በማግስቱ ጊታሩን የሙዚቃ መሣሪያ ወደሚጠግኑ አንድ አዛውንት ወሰድኩት። አገላብጠው ካዩት በኋላ በመጀመሪያ የነገሩኝ የሚያጽናና ነበር። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ በዋናነት የሚገኘው ከብረት ክሮቹ መርገብገብ ነው። ይህን መርገብገብ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠውና ወደ ድምፅ ማጉያው ይልከዋል። ስለዚህ የቀለም መላጥ መልክን እንጂ ዜማን አይጎዳም። የሚያስፈራው አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ወይም የመቃኛዎቹ ራስ በሚጀምርበት ቦታ ስንጥቅ ሲኖር ነው። ጊታር በወደቀ ቁጥር አስቀድሞ መታየት ያለበት ይኸው ነው። ስንጥቅ ካለ ክሮቹን አላልቶ ወደ ባለሙያ መውሰድ እንጂ ቤት ውስጥ መሞከር አይገባም።

እኔን የጣለኝ ደግሞ የልባጡ ዓይነት ነበር። ብዙዎቹ የቀድሞ ጊታሮች የተለበጡት ናይትሮሴሉሎስ በሚባል ላከር ነው። ይህ ልባጥ በአሴቶንና በቲነር ይሟሟል። በኋለኞቹ ጊታሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ፖሊስተር ወይም ፖሊዩሪቴን ግን ጠንከር ያለ ነው። የጊታሩ ልባጥ የትኛው እንደሆነ ያላወቀ ሰው ከእርጥብ ጨርቅ በላይ ባይነካው ይሻላል። ለቤት ዕቃ ማወልወያ የሚሸጠው ሲሊኮን ያለበት ፖሊሽም አይመከርም፤ ኋላ ቀለም ለመቀባት ቢፈለግ ቀለሙ እንዳይዝ ያደርጋል።

ቤት ውስጥ የሚቻለው ይህ ነው።

ለጭረት፦ ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ ያሳልፉት። ጥፍር ካልያዘው ጭረቱ ከላይ ብቻ ነው። ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት። ሲሊኮን የሌለው ልስልስ የመኪና ፖሊሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላይ ጥቂት አድርገው፣ ሳይጫኑ፣ በትንንሹ እያዞሩ ይሹት።

ለተላጠ ቦታ፦ የተፈነቀለችው ቅርፊት ወለሉ ላይ ከተገኘች አይጣሏት፤ ተመልሳ ልትጣበቅ ትችላለች። ካልተገኘች ተመሳሳይ መልክ ያለው የጥፍር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሱፐር ግሉ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ እየተደረገ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተደገመ፣ ጉድጓዱ እስኪሞላ ይጠበቃል። በመጨረሻ ቁጥሩ 1000፣ ቀጥሎም 2000 በሆነ ልስልስ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ አስተካክሎ በፖሊሽ መጨረስ ነው። ይህ ሥራ መስኮት ተከፍቶ፣ ሕፃናት በሌሉበት መሠራት አለበት፤ ሱፐር ግሉ ጣትንና ዓይንን ያጣብቃል።

ለሰረጎደ ቦታ፦ ልባጡ ካልተሰነጠቀ ይተዉት። ለተራቆተ እንጨት የሚደረገው የእርጥብ ጨርቅና የካውያ እንፋሎት፣ ልባጡ ባለበት ቦታ ላይ ቀለሙን ሊያነጣው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ጊታር ግድግዳ ተደግፎ አይቆምም። በመያዣ ሣጥኑ ወይም በማቆሚያ ላይ፣ ከፀሐይና ከወጥ ቤት እንፋሎት ርቆ ይቀመጥ። የማቆሚያው ጎማ የቀድሞውን ዓይነት ልባጥ ስለሚያበላሽ በጥጥ ጨርቅ ቢጠቀለል መልካም ነው።

ጠባሳም ታሪክ ነው

አዛውንቱ ጊታሩን ሙሉ በሙሉ እንደገና እንዲቀቡት ጠይቄ ነበር። እሳቸው ግን አልመከሩኝም። የቆየ ጊታር የመጀመሪያ ቀለሙ ሲነሣ ዋጋውም አብሮ ይቀንሳል። ለዚህ የአየርላንዱ ዕውቅ ጊታር ተጫዋች የሮሪ ጋላገር ጊታር ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራውን ፌንደር ስትራቶካስተር የገዛው በ1963 ነበር። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ አብዛኛው ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጣ። እሱ ግን በ1995 እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ተጫወተበት። ያ የተላጠ ጊታር በ2024 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ800 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጣ።

የእኛ ጊታር ጨረታ አይወጣም። ባለቤቴ የተላጠው ጠርዝ ብቻ እንዳይስፋፋ እንዲታሸግ፣ ጭረቱ እንዲለሰልስ አደረገ። እኔ በአሴቶን ያደበዘዝኩት ቦታ ግን እስከ ዛሬ በግልጽ ይታያል። እንዲተው የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ።

እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችን ዕቃ መስበራቸው፣ መጣላቸው፣ መጫራቸው አይቀርም። እኛ ከሥራ ደክመን፣ የምድጃውን ሥራ አስበን፣ ጠብ እንዳይነሣ ስንል “ዝም በል” ማለት ይቀለናል። ግን በዚያች ቃል ልጁን ሁለት ነገር እናስተምረዋለን፤ አባቱ የሚፈራ ሰው መሆኑን፣ እናቱም የምትዋሽ መሆኗን። ልጁ ጥፋቱን ሲናገር መጀመሪያ እናድምጠው፤ ከዚያ የሚጠገነውን አብሮን ይጠግን።

አሁን በቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታሩን በደረቅ ጨርቅ መወልወል የልጁ ሥራ ሆኗል። እኔ ወዳደበዘዝኩት ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ ያየኛል። “ይህቺ የእማዬ ናት” ይላል።