ዝገት የበላው ሻንሲ

መርካቶ ሶማሌ ተራ የገባ ሰው የሚያየው ብልት ብልቱ የወጣ መኪና ነው፤ በር፣ ኮፈኖ፣ ፓራውልት፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ። ብዙ ሹፌር ያገለገለ ዕቃ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ሰፈር ነው። ሌላው ሁሉ ተፈትቶ፣ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ ያልቃል። ሻንሲ ሲበሰብስ ግን ነገሩ ይለያል። ቢገኝ እንኳ ገዝቶ መቀየሩ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ፒክአፕ እንደ ቤት መኪና ቦዲው ብቻውን ተሸክሞት አይሄድም። ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉ፤ በመሃላቸው ያሉት አግድም ብረቶች ደግሞ አንዱን ከሌላው ጋር ያስራሉ። ሻንሲ የሚባለው ይህ ነው፤ ሞተሩም ጋቢናውም ካሶኒውም ባሌስትራውም ያረፉት በእሱ ላይ ነው። ቶዮታ ሃይሉክስ በ1968 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ሞተሩና መልኩ ስንት ጊዜ ተቀያየረ፤ ይህ አሠራር ግን አብሮት ዘልቋል።

ሻንሲ ከላይ እስከ ታች እኩል አይዝግም። ቀድሞ የሚያልቀው ከኋላው አክስል በላይ ጎበጥ የሚልበት ቦታ፣ የባሌስትራው ማንጠልጠያ የተበየደበት አካባቢና ትርፍ ጎማው አጠገብ ያለው አግድም ብረት ነው። ሣጥን መሰል በሆነው ክፍል ደግሞ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ጎማ የረጨው ጭቃ በቀዳዳዎቹ ይገባና ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በተበየደበት ቦታ ብረቱን እየፈለቀቀ ይከፍተዋል። ከውጭ ቀለሙ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይኸው ችግር ፍርድ ቤት ደርሷል። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የቶዮታ ታኮማንና የሌሎች የቶዮታ ሞዴሎችን ሻንሲ ስለበላው በ2016 እ.ኤ.አ. ኩባንያው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ በተገመተ ስምምነት ወደ 1.5 ሚሊዮን ለሚጠጉ መኪኖች ምርመራና እንደ አስፈላጊነቱ የሻንሲ ቅያሬ ለማድረግ ተስማማ። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ከአፍዴራ ጨው የጫነ፣ ጅቡቲ ወደብ የተመላለሰ መኪና ግን ጨውን በሌላ በር ያገኘዋል። የቀረውን ዕድሜና የክረምት ጭቃ ይጨርሱታል። እኛ አገር የሠላሳ ዓመት ፒክአፕ አይጣልም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህማ ያለውን አድኖ መንዳት ግዴታ ሆኗል።

ታዲያ ለምን ደህና ሻንሲ ተገዝቶ አይቀየርም? ቁጥሩ ነው ችግሩ። የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ተመቶ የተቀረጸ ሲሆን በብዙዎቹ የቶዮታ ፒክአፖች የሚገኘው በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አካባቢ ነው። በሊብሬው ላይ የሰፈረው ይኸው ቁጥር ነው፤ ዓመታዊ ምርመራ ሲደረግም ይታያል። ቁጥሩ የተለየ ሻንሲ የገጠመ ባለንብረት የመኪናውን ማንነት ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ቁጥሩን ቆርጦ ሌላ ሻንሲ ላይ መበየድ ደግሞ ወንጀል ነው። ስለዚህ የሚበጀው ጤነኛውንና ቁጥር ያለበትን የፊት ክፍል ሳይነኩ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ መተካት ነው።

ጥሩ በያጅ ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት መዶሻ ያነሳል። ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቆረቆረ ያዳምጣል። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ያቃጭላል፤ የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጥና ቀይ ቅርፊት ያረግፋል። በተጠራጠረበት ቦታ ካቻቢቴ ይወጋበታል። ከገባ ያ ቦታ አለቀ ማለት ነው፤ የመቁረጫው ምልክትም የሚደረገው ከዚያ አልፎ ንጹሕ ብረት ላይ ነው። ሥራው የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ይመስለኛል። ለቁጠባ ተብሎ ዝገት ጫፍ ላይ የተበየደ ላሜራ ብየዳው ራሱ ቢጠነክርም አጠገቡ ያለው ብረት ይቀደዳል።

ካሶኒው ይፈታል፤ የነዳጅ ታንከሩ ይወርዳል፤ የባትሪው ገመድ ይነቀላል። ሻንሲው በክሪክ ተነሥቶ በካቫሌቶ ላይ እኩል ይደገፋል፤ ሸክም እንዳለበት ከተቆረጠ ይጎብጣልና። ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሜትር ተለክቶ ሁለቱ ልኮች እኩል መሆናቸው ይታያል። ከዚያ በግራይንደር ይቆረጣል፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ። በሰያፍ የተቆረጠ መገጣጠሚያ ረዘም ያለ ብየዳ ስለሚይዝ ሸክሙ አንድ መስመር ላይ አይከማችም። በውስጡ ደጋፊ ላሜራ ይገባለታል፤ አዲሱ ክፍል መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ይያዝና ልኩ እንደገና ይታያል። ሙሉ ብየዳው የሚሄደው አጭር አጭር ሆኖ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የተከማቸ ሙቀት ሻንሲውን ያጣምማል።

ላሜራው ከየትም አንሥቶ የሚለጠፍ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ቁራሌው ከየመንደሩ ያመጣውን ብረት ሁሉ ወደ ዕቃ የሚቀይሩ እጆች ሞልተዋል፤ እኔ በጣም የማከብራቸው ባለሙያዎች ናቸው። ለሻንሲ ግን ውፍረቱ ከዋናው ጋር የተመጣጠነ ንጹሕ ላሜራ፣ አለዚያም ተጋጭቶ ከቆመ ተመሳሳይ መኪና በሕጋዊ ደረሰኝ የተገዛ ቁራጭ ያስፈልጋል። ፌሮ በጎኑ በይዶ «ጠንክሯል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ሰው የሚሳፈርበት ነገር ነው።

ብየዳው ሲያልቅ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ አንቲረስት ይቀባል። የሣጥኑ ውስጥም መቀባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። ውኃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በብየዳም በቀለምም መደፈን የለባቸውም። ሹፌሮች የሚወዱት የተቃጠለ ዘይት መርጨት ውኃን ትንሽ ያርቃል፤ ነገር ግን አቧራ ያከማቻል፣ ከስሩ ያለውን ዝገትም ከዓይን ይሸፍናል። መኪናው ጥቂት ቀን ጭነት ጭኖ ከሠራ በኋላ ተመልሶ ከስር ይታያል። በብየዳው ዳርና ዳር ቀጭን ስንጥቅ ከታየ ቀለም ደርቦ ማለፍ አይገባም፤ ተፍቆ እንደገና ይበየዳል።