ብርሃንን ስለ ማቆራኘትና ስለ ኳንተም ኮምፒዩተር

አንድ ጥንድ ጫማ ግራና ቀኙ ሳይታይ በሁለት ሣጥን ታሽጎ አንዱ በጎንደር ከተማ ቢቀር፣ ሌላው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ደባርቅ ቢላክ፣ የጎንደሩን ሣጥን የከፈተ ሰው የደባርቁ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። የኳንተምን ቁርኝት ለማስረዳት በክፍል ውስጥ የሚቀርበው ምሳሌ ብዙውን ጊዜ ይህን የመሰለ ነው። ለመንደርደሪያ ይጠቅማል፤ በዚሁ ከተቋጨ ግን ተማሪውን ያሳስታል። ጫማው ሣጥን ውስጥ ሳለም ግራ ወይም ቀኝ ነበረና።

ጆን ቤል በ1964 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖች፣ እንደ ጫማው መልሳቸውን ይዘው የሚጓዙና አንዱ በሌላው መለካት የማይነካ ቢሆን ኖሮ፣ በልዩ ልዩ ማዕዘን ሲለኩ የውጤታቸው ዝምድና ከተወሰነ ልክ ባላለፈ ነበር። አላን አስፔ በ1982 በፈረንሳይ አገር ከካልሲየም አቶም የወጡ ጥንድ ፎቶኖችን ሲለኩ ልኩ ታለፈ። ለዚህም ከጆን ክላውዘርና ከአንቶን ሳይሊንገር ጋር የ2022ን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ጥንዱን ለመሥራት የተለመደው መንገድ የሌዘር ብርሃንን በልዩ ክሪስታል ውስጥ ማሳለፍ ነው። እጅግ ከብዙ ፎቶኖች መካከል አልፎ አልፎ አንዱ ጉልበቱን ለሁለት ይከፍልና ሁለት ፎቶኖች ይወለዳሉ፤ የአንዱ ውዝዋዜ አግድም፣ የሌላው ቁም ይሆናል። ጎዳናቸው በሚገናኝበት ስፍራ የትኛው አግድም የትኛው ቁም እንደሆነ የሚለይ ምልክት ስለማይኖር፣ ሁለቱ በአንድነት እንጂ ለየብቻ አይገለጹም። አግድሙ ዜሮን፣ ቁሙ አንድን ሲወክል እያንዳንዱ ፎቶን ኩቢት ይባላል። ችግሩ ውልደቱ በዕድል መሆኑ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ብዙ ኩቢቶችን በአንድ ጊዜ ይሻል። ስለሆነም በጀርመን አገር በጋርሺንግ የሚገኙ የማክስ ፕላንክ ተመራማሪዎች በ2022 ከአንድ የሩቢዲየም አቶም ተራ በተራ 14 የተቆራኙ ፎቶኖችን አወጡ።

መስኩ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍሥሐ ካሣሁን በ2008 ስለ ኳንተም ኦፕቲክስ መጽሐፍ አሳትመዋል። ስንታየሁ ተስፋም በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በሊማሊሞ እንደሚወርድ መንገደኛ ከላይኛው የጉልበት ደረጃ በመካከለኛው በኩል ወደ ታችኛው የሚወርድ አቶም የሚሰጣቸው ሁለት ብርሃኖች በሌዘር ውስጥ እንዴት ተቆራኝተው እንደሚበረቱ መርምረዋል። መሣሪያው ሒሳብ ነበር።

ላቦራቶሪ ለሌለው የደጋ ትምህርት ቤትም መነሻ አይታጣም። ከተበላሹ የሒሳብ መኪናዎች መስኮት ላይ ብርሃን አጣሪ ስሶች ይላጣሉ። ሁለቱ በ90 ዲግሪ ሲደራረቡ ብርሃን አያልፍም፤ ሦስተኛው በመካከላቸው በ45 ዲግሪ ሲገባ ግን ብርሃን ይመለሳል። ሙከራው ቁርኝትን አያሳይም። መለካት ራሱ የፎቶኑን ሁኔታ እንደሚለውጥ ግን ተማሪው በዓይኑ ያያል፤ የጫማውንም ምሳሌ ያን ጊዜ ራሱ ይጠይቀዋል።