ከቦሌ እስከ ኩርሙክ፤ የአየር መንገድ ሒሳብና የመጨረሻው መቶ ኪሎ ሜትር

«ሩቅ» እና «ቅርብ» የሚባሉት ቃላት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለኩ አይደሉም። አንድ ስፍራ ሩቅ ነው ለማለት አስቀድሞ መጓጓዣው ምን እንደ ሆነና ዋጋውም ስንት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል የአዲስ አበባ ነጋዴ ዱባይን እንደ ጎረቤት ይቆጥራታል፤ ማለዳ ተነሥቶ ለምሳ እዚያ ይደርሳል። ይኸው ሰው ኩርሙክ የት እንደምትገኝ ቢጠየቅ ግን በካርታ ላይ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ጥቂት መፈለጉ አይቀርም። ዱባይ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 2500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ኩርሙክ ግን የዚያን ሩብ እንኳ አትሞላም። እንግዲህ አየር መንገድ ርቀትን ያሳጥራል ሲባል እውነት ቢሆንም፥ ሁሉን እኩል አያሳጥርም። አንዱን ሲያቀርብ ሌላውን ባለበት ይተወዋል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ለምን እንደሚሆንና ወጣቱ አንባቢያችን ከዚህ ምን ሊረዳ እንደሚገባው ለማሳየት እንሞክራለን።

ኩርሙክ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፥ በአሶሳ ዞን፥ በሱዳን ጠረፍ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ክረምት ሲሆን ከሚሞላው፥ በበጋ ከሚደርቀው ጅረት ማዶ ደግሞ ሌላ ኩርሙክ አለች፤ እርሷ የሱዳን ናት። ስማቸው አንድ፥ መንግሥታቸው ሁለት ነው። የአካባቢው ነዋሪ በብዛት የበርታ ሕዝብ ሲሆን፥ በገበያው ከበርታ ቋንቋ ጋር ዓረብኛም ይሰማል። ምድሩ ወርቅ ያለበት በመሆኑ ስሙ ከጥንት ጀምሮ በነጋዴ ዘንድ የታወቀ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ስደተኛ ወደ ኢትዮጵያ ከገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ሆኗል። ወደ ኩርሙክ መደበኛ የመንገደኛ አይሮፕላን አይሄድም። መንገደኛው አሶሳ ላይ ይወርድና በሆሞሻ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛል።

የመጀመሪያው ኩባንያ ትምህርት

መንገደኛን በቲኬትና በተወሰነ ሰዓት በአይሮፕላን ማመላለስ የተጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 1906 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በፍሎሪዳ ነበር። ከሴንት ፒተርስበርግ ወደ ታምፓ ባሕረ ሰላጤውን ለመሻገር 23 ደቂቃ ይበቃ ነበር። አይሮፕላኑ በውሃ ላይ የሚያርፍ ሲሆን፥ ከአብራሪው ጎን የሚቀመጠው መንገደኛ አንድ ብቻ ነበር። የአንድ ጉዞ ዋጋ 5 ዶላር ነበር። ኩባንያው ከ1200 በላይ ሰዎችን ያለ አደጋ ካመላለሰ በኋላ በአራት ወር ገደማ ተዘጋ። የዘጋው የሞተሩ ድካም አልነበረም፤ የከተማው ድጎማ ባበቃና ለመዝናናት የመጣው እንግዳ በተበተነ ጊዜ ሒሳቡ አልመጣ ስላለ ነው። የአየር መንገድ ንግድ ታሪክ በጠቅላላው በዚህ ትንሽ ምሳሌ ውስጥ ይገኛል ለማለት ይቻላል። መብረር አንድ ነገር ነው፤ ሳይከስሩ ዘወትር መብረር ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የተነሡት ኩባንያዎች የቆሙት በመንግሥት ትከሻ ላይ ነው። መንግሥታትም የደገፏቸው ለመንገደኛው አዝነው ብቻ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የምሥራቅ አፍሪካ መስመሩን ሲከፍት፥ አይሮፕላኑ ዓባይን ተከትሎ በካርቱምና በማላካል በኩል ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። የሚጭነውም የቅኝ ገዢውን ደብዳቤና ሹማምንቱን ነበር። በወረራው ዘመን ደግሞ የኢጣልያው አላ ሊቶሪያ ሮማን ከአዲስ አበባ ጋር አገናኘ። ስለዚህ የአየር መስመር በዚያ ዘመን የባለቤትነት ምልክት ነበር። መስመሩን የዘረጋ፥ አገሩንም «የእኔ ነው» ይል ነበር።

ከጦር ሜዳ የመጣው አይሮፕላን

የኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያየው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፥ እርሱም ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ ነበር። ይሁን እንጂ የራስ የሆነ የመንገደኛ አየር መንገድ ለማቋቋም ጦርነቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ግድ ሆነ። ኩርሙክም ከዚያ ጦርነት ድርሻዋን አግኝታለች። በሱዳን ወገን ያለችውን ኩርሙክ ኢጣልያኖች በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ያዟት፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አስለቀቃት፤ መጋቢት 2 ቀንም ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር አሶሳን ያዘ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አየር መንገዱን ለቀድሞ ቅኝ ገዢዎች ኩባንያ አልሰጠም። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረመ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው አይሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። ለሥራው የተገዙት አምስት አይሮፕላኖች ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ሲ 47 የተባሉ ነበሩ። መቀመጫቸው በግድግዳው ልክ የተዘረጋ የሸራ ወንበር ነበር። መንገደኛው ፊት ለፊት ተያይቶ ሲቀመጥ፥ ዕቃው በመካከል ይታሰር ነበር።

የውሉ ዋና ነገር ግን አይሮፕላኖቹ አልነበሩም። ኢትዮጵያውያን ሥራውን ተምረው እንዲረከቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከውሉ እስከዚህ ሹመት ሩብ ምዕት ዓመት አለፈ። ተማሪ አንባቢያችን ይህን ቁጥር ልብ ሊለው ይገባል፤ ዕውቀት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በአንድ ቀን ፊርማ አይደለምና።

ሣር ሜዳና ጀት

ያ አሮጌ የጦር አይሮፕላን ለኢትዮጵያ አንድ ትልቅ በጎነት ነበረው። የተነጠፈ አስፋልት አይጠይቅም። ሜዳው ተመንጥሮ፥ ድንጋዩ ተለቅሞ፥ ከብቱ ከተባረረ ያርፋል። ስለሆነም መኪና ለመድረስ ሳምንት በሚፈጅበት፥ ክረምት ሲገባም ጨርሶ በማይደርስበት ስፍራ ሁሉ አይሮፕላን ቀድሞ ደረሰ። በምዕራቡ አገራችን ጎሬ፥ ጋምቤላ፥ ደምቢ ዶሎ፥ መንዲ፥ ቤጊ፥ አሶሳም ማረፊያ ነበራቸው። ሹሙና ሐኪሙ፥ ደብዳቤውና የመንግሥት ገንዘቡ በሄደበት አይሮፕላን በመልሱ ቡናና ቆዳ ይጫን ነበር። ብዙ የአገራችን ሰው ባቡርንም አውቶቡስንም ሳያይ በፊት አይሮፕላን ያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የጀት ዘመን ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጀቶች መጡ። የልደታ ሜዳ ለእነርሱ ስላልበቃ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ። አስቀድሞ በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት፥ በ1953 ዓ.ም. የምዕራብ አፍሪካ መስመር ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 እስከ ቻይና ተደረሰ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ 787 በአፍሪካ ከሁሉ ቀድሞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ እጅ ገባ።

ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ዳሩ ግን ሌላ ገጽም አለው። አይሮፕላኑ እየተሻሻለ በሄደ መጠን የሚያርፍበት ሜዳ መመረጥ ጀመረ። ሣሩ ለአዲሱ አይሮፕላን አይበቃውም፤ የተነጠፈ መንደርደሪያ፥ አጥር፥ የእሳት አደጋ መኪና፥ ፍተሻ ያስፈልጋል። መኪና መንገድም እየተዘረጋ ሲሄድ ብዙ ትንንሽ ማረፊያዎች ተዘጉ። አሶሳ ቀረች፤ እንደ መንዲና ቤጊ ያሉት ግን ከመርሐ ግብሩ ወጡ። አየር መንገዱ ወደ ውጭ በረዘመ ቁጥር በአገር ውስጥ የሚያርፍባቸው ስፍራዎች ቁጥር አነሰ ማለት ነው።

የባዶ ወንበር ሒሳብ

ይህ የሆነው በክፋት አይደለም፤ በሒሳብ ነው። ነጋዴ ዛሬ ያልተሸጠለትን አቡጀዲ ነገ ይሸጠዋል። የአየር መንገድ ዕቃ ግን ወንበር ነው። አይሮፕላኑ ከመሬት በተነሣ ደቂቃ ያልተሸጠው ወንበር ለዘለዓለም ጠፋ። ወጪው ግን አይቀንስም። አብራሪው፥ መካኒኩ፥ ነዳጁና የማረፊያው ኪራይ ለ20 ሰውም ለ70 ሰውም ያው ሊባል የሚችል ነው።

ዛሬ ወደ አሶሳ የሚመላለሰው ኪው 400 የተባለው ባለ ቆሪ አይሮፕላን ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። ለምሳሌ ያህል ወጪውን ለመመለስ 50 መንገደኛ ያስፈልገዋል እንበል። 49 ቢገኙ ኪሳራ፥ 51 ቢገኙ ትርፍ ነው። የአየር መንገድ ዕድሜ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለ ነው። አጭር መስመር ደግሞ ከረዥሙ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። አይሮፕላን ነዳጅ በብዛት የሚጨርሰው ለመውጣት ሲታገል ነውና፥ ሽቅብ ወጥቶ ገና ሳይደላደል ቁልቁል መውረድ ካለበት ወጪው በመንገደኛው ቁጥር ሲካፈል ይከብዳል።

ታዲያ አጭሩ መስመር እንዴት ይኖራል? መልሱ ቦሌ ላይ ነው። ከአሶሳ የተነሣ መንገደኛ አዲስ አበባ ላይ ወርዶ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ጓንግዡ የሚቀጥል ከሆነ፥ ትንሹ አይሮፕላን ለትልቁ መጋቢ ሆነ ማለት ነው። ጅረቶች ተሰብስበው ዓባይን እንደሚሞሉት ነው። ከጅረቱ ብቻ የሚገኘው ጥቂት ቢሆንም፥ ጅረቱ ሲደርቅ ወንዙም ይጎድላል።

በሌሎች አገሮች ይህ ሸክም በግልጽ ለመንግሥት ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር ለገበያ ስትለቅ፥ ትንንሽ ከተሞች እንዳይረሱ ብላ ኩባንያዎች ወደዚያ ለሚያደርጉት በረራ የሚከፈል ድጎማ በሕግ አቆመች። የገበያ አገር የሚባለው እንኳ ገበያ ብቻውን ወደ ጠረፍ እንደማይበር አውቋል።

የመጨረሻው መቶ ኪሎ ሜትር

አሁን ወደ ኩርሙክ እንመለስ። በዚህ ሒሳብ የተመለከትን እንደሆነ 70 ወንበር ያለው አይሮፕላን በየቀኑ ኩርሙክ ይረፍ ማለት የሚቻል አይደለም። መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ይኸውም አሶሳ የደረሰው መንገደኛ ከዚያ ወዲያ ምን ያገኛል? የሚለው ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። ከአዲስ አበባ በነቀምት፥ በጊምቢ፥ በነጆና በመንዲ አድርጎ አሶሳ የሚገባው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ መስመር ላይ በደረሰው የጸጥታ መታወክ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ለአሶሳ ሰው ያለ ስጋት የሚሄድበት በር አይሮፕላኑ ሆኖ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቲኬት የምቾት ነገር መሆኑ ይቀራል። ለከፍተኛ ሕክምና የተላከ በሽተኛ፥ ለፈተና የተጠራ ተማሪ፥ ልጁን ለመቅበር የሚቸኩል አባት፥ ሁሉም የሚሰለፉት ለዚያው ወንበር ነው። ገንዘብ ያለው ይሳፈራል፤ የሌለው መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል።

የኩርሙክ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት አሶሳ መድረስ አለበት። መኪናው ሞልቶ እስኪነሣ ጠብቆ፥ አይሮፕላኑ ካለፈው በኋላ ቢደርስ፥ አንድ ሰዓት የሚያህለው በረራ የሁለት ቀን ጉዞ ይሆንበታል። በዚያ አይሮፕላን ላይ የእርሱ ወንበር ባዶውን ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የከሰረው አየር መንገዱም መንገደኛውም ነው። ሁለቱንም ለማዳን አዲስ ማረፊያ መሥራት አያስፈልግም። የአውቶቡሱን ሰዓት ከበረራው ሰዓት ጋር ማስማማት፥ ቲኬቱን እዚያው በወረዳው የሚቆረጥ ማድረግ፥ በሽተኛው ከመነሣቱ በፊት ወንበር መያዙን በስልክ ማረጋገጥ ይበቃል። ይህ የሚጠይቀው ሚሊዮን ብር ሳይሆን፥ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ከበው መነጋገራቸውን ነው።

በእኛ አስተያየት የአንድ አገር አየር መንገድ የሚመዘነው በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው በዓለም አደባባይ የሚታየው፥ በዶላርና በአይሮፕላን ቁጥር የሚነገረው ነው፤ በዚህ በኩል የእኛው አየር መንገድ ስሙን አስጠርቷል። ሁለተኛው ሚዛን ግን ጠረፍ ላይ ያለው ዜጋ ወደዚያ ወንበር ለመድረስ የሚፈጅበት ቀን ነው። ይህኛውን አየር መንገዱ ብቻውን ሊያቃናው አይችልም፤ የእርሱ ሥራ በአሶሳ ማረፊያ በር ላይ ያበቃልና።

ከበሩ ወዲያ ያለው የማን ሥራ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣት ሹማምንት መካከል በሚመጣው ዓመት ወደ ኩርሙክ የሚመደብ አይጠፋም። ከቦሌ ተነሥቶ አሶሳ ለመውረድ የሚፈጅበትን ሰዓት በእጅ ሰዓቱ ይቁጠር፤ ከዚያም ከአሶሳ ኩርሙክ ለመግባት የፈጀበትን ይቁጠርና፥ ሁለቱን ቁጥሮች በመጀመሪያው የሥራ ሪፖርቱ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋቸው።