ሌሊት ሌሊት ሽንት ያስነሳችኋል? ስኳራችሁን ተለኩ

መርካቶ ውስጥ በብዙ ግቢ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ሌሊት ሽንት የያዘው ሰው ነጠላ ጫማውን አጥልቆ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ይወጣል። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደል። በየሌሊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ ግን ምክንያቱ መታወቅ አለበት።

“ብርድ ነው”፣ “ማታ ሻይ አብዝቼ ነው” እንላለን። ሊሆን ይችላል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ እርግዝናና አንዳንድ መድኃኒቶችም ሽንት ያመላልሳሉ። ከሽንቱ ጋር አፍ የሚያደርቅ የውሃ ጥም ካለ ግን ስኳር በሽታን መጠርጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደም ስኳር ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ስለሚያቅተው በሽንት ያስወጣዋል። ስኳሩ ሲወጣ ውሃ ይዞ ይወጣል። ሰውነት ይደርቃል፣ ውሃ ይጠማል፣ የተጠጣውም መልሶ ሽንት ይሆናል። ትልልቅ ሰዎች ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ ስኳር የሚጠረጥሩት ለዚህ ነው። ጥሙን በለስላሳ ማርካት ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦

• ሌሊት እግር ማቃጠል ወይም መደንዘዝ
• ያለ ምክንያት መክሳትና መድከም
• የዓይን ብዥታ
• ቶሎ የማይድን ቁስል

ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያወርድ የሚውል ወጣት ክሳቱንና ድካሙን በሥራው ያመካኛል። “ስኳር የወፍራምና የሽማግሌ በሽታ ነው” የሚለውም ያዘናጋል። አንደኛው ዓይነት ስኳር ቀጭን ወጣቶችንና ልጆችንም ይይዛል።

መላው ቀላል ነው፦ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳትቀምሱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ከ100 በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ በድጋሚ ምርመራ ያረጋግጣል።

ማስታወክ፣ በኃይል መተንፈስና መፍዘዝ ከታከለበት ግን ጠዋትን አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሌሊት በላብ ተጠምቆ እየተንቀጠቀጠ ከነቃ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጣ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትሰጡ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት ስንቴ እንደምትነሱ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስትመረመሩ ለሐኪሙ አሳዩት፤ ይጠቅመዋል።